ሳልወልድ የገባሁበት አራስ ቤት

ይህን ስጽፍ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ገና አልወለድኩም። አራስ ቤት ግን ገብቼ አውቃለሁ። ገንፎውን በልቻለሁ፣ አጥሚቱን ጠጥቻለሁ፣ ነፋስ እንዳይገባብኝ መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኖልኝ፣ ሆዴ በመቀነት ታስሮ ተኝቻለሁ። ሥራዬ አዋላጅነት ነው። በእጄ የወለዱ ሴቶች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያኔ ግን አላሳቀኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር እህቴ ከአቦምሳ አሰላ የመጣች ጊዜ ነው። እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ገበያ ስትውል ያዘለችኝ፣ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ሲመቱኝ ሄዳ የተጣላችልኝ እሷ ናት። አቦምሳ ካገባች ወዲህ እህል ከሚነግደው ባሏ ጋር ደህና ቤት ሠርታለች፤ የጎደላት ልጅ ብቻ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላት የወር አበባዋ ቆመ። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ማህፀኗ ደህና እንደሆነ፣ እንቁላሏ ግን ያለጊዜው እንዳለቀ ነገሯት። ከሌላ ሴት እንቁላል ብታገኝ በባሏ ዘር ተዳቅሎ በገዛ ማህፀኗ ልትሸከመው ትችላለች፤ ይህ ደግሞ ያኔ እኛ አገር እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረምና ናይሮቢ ድረስ መሄድ ነበረባት።

የጠየቀችኝ እናታችን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን በርበሬ ስንቀነጥስ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አልለየሁም። ከእኔ በቀር የምትጠይቀው ሰው እንደሌላት፣ እምቢ ብላትም እህቷ መሆኔ እንደማይቀር ነገረችኝ። በእጄ የያዝኩትን በርበሬ ቀንጥሼ ሳልጨርስ እሺ አልኳት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ እሺ ለማለትም ለመቆጣትም ጊዜ አልወስድም።

እናታችን ስትሰማ ግራ ገባት። የእሷ መፍትሔ ሌላ ነበር። በእኛ አገር ዘመድ ልጅ ሲያጣ ሌላው ዘመድ ከራሱ ልጆች አንዱን ይሰጠዋል፤ ጉዲፈቻ እንለዋለን። የተሰጠ ልጅ የተቀባዮቹ ነው፤ ነገ ተመለስ አይባልም፣ ማን ወለደህ ተብሎም አይነካካም። አባታችን ራሱ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እናቴ የሚላት ያሳደገችውን ነበር። ስለዚህ እናቴ ይቺ ታግባና ሁለተኛውን ትስጥሽ፣ መርፌውን ምን አመጣው አለች። እህቴ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ማወቅ እፈልጋለሁ እማዬ» አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዲፈቻ አላነሳችም።

የቀረኝ ለእጮኛዬ መንገር ነበር። ጎበሳ ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ ይመጣል። ቃል የማያባክን ሰው ነው። እየሄድን ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ከዚያ በኋላ እኛ እንወልዳለን?»

«አዎ» አልኩት።

ሳላጣራ ነው ያልኩት። ኮሌጅ ውስጥ ስለዚህ ነገር የተማርኩት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ እኔ ደግሞ ከሌላው ሰው የባሰ ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝን ሁሉ የምለካው በዚያች አዎ ነው። እውነት ተናግሬ ይሆን ወይስ ሰውዬውን አታልዬው?

የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ለአለቃዬ እህቴ ታማ ላሳክማት ነው አልኩት፤ ግማሽ እውነት ነው። ናይሮቢ ያገኘናት ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ ቢሮዋ ብዙ ሰዓት አስቀምጣ አስረዳችን። በየወሩ ብዙ እንቁላሎች ማደግ ይጀምራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ይደርስና ሌሎቹ ይከስማሉ። መድኃኒቱ የሚያደርገው ይከስሙ የነበሩትንም አብረው እንዲደርሱ ነው፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ቀለብ አይበላም። እስከዚህ ድረስ ሰምቼ፣ እንዳልኩት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን አላበቃችም። እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ ኦቫሪዎች ከልክ በላይ ሊያብጡ ይችላሉ፤ ከደም ሥር ውኃ እየሰረገ ሆድ ሊሞላ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ ደም ሊያረጋ ይችላል። እንቁላሉ የሚቀዳበት መርፌ ሊያደማ ወይም ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ያበጠው ኦቫሪ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አጥብቀን አናውቅም አለች፤ የሰጡ ሴቶችን በቂ ጊዜ የተከታተላቸው የለምና። እኔ በየመሃሉ አንገቴን እየነቀነቅኩ አውቃለሁ እላት ነበር። የመጨረሻዋን ግማሽ ጆሮ ሰጠኋትና ፈረምኩ።

መርፌውን በየምሽቱ ራሴን በራሴ ሆዴ ላይ ወጋሁ። አቦምሳ ላይ ኩንታል የምታስጭነው፣ ሾፌር የምትቆጣው እህቴ መርፌ ማየት አትችልም፤ እስክጨርስ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ትቀመጥና አለቀ ወይ ትለኛለች። አለቀ ስላት ትወጣና ሻይ ታፈላልኛለች። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ አብረን ከርመን አናውቅም። ሆዴ ከበድ ከበድ ይለኝ ነበር፤ ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

በተቀጠረው ቀን አስተኝተው ቀዱልኝ። ስነቃ የእንቁላሉ ቁጥር ከሃያ እንደሚበልጥ ነገሩኝ። እንደ ፈተና ውጤት ኮራሁበት። ሐኪሟ ግን ቁጥሩን ስትናገር ፊቷ አልፈካም። ብዙ መሆኑ ኦቫሪዎቼ ከመጠን በላይ እንደሠሩ ያሳያልና አንድ ሳምንት ከተማው ውስጥ እንድቆይ፣ ጠዋት ጠዋት እንድመዘንና ወገቤን በሜትር እንድለካ፣ ጨው ያለበት ፈሳሽ እንድጠጣ፣ ሆዴ እየተነፋ ሽንቴ ከቀነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ በሩጫ እንድመጣ አዘዘችኝ። ይህንኑ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ሰጠችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሦስተኛው ቀን ፈቃዴ አለቀ ብዬ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ፈቃድ ለማስረዘም እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ያንን ፈራሁ። እህቴ ጽንሱ እስኪገባላት እዚያው ቀረች።

አሰላ ስደርስ እናቴ ጓዳውን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኗል፣ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል፣ ትራሱ ሥር ቢላዋ ገብቷል። ምንድን ነው ይሄ ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ ከሄድኩ ጀምራ ስታስብበት ከርማለች። የልጅ መጀመሪያ የወጣበት ገላ ያው የወለደ ገላ ነው፤ ክፍት ነው፣ ብርድ ይገባዋል፣ ዓይን ይወጋዋል። ስለዚህ መታረስ አለበት። ለጎረቤት ወገቧን አሟት ነው ብላ አስወርታ ጨርሳለች።

አዋላጅ መሆኔን አስታወስኳት። «ያዋለድሻቸውን የሚያርሳቸው ማን ሆነና ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሴት ሁሉ ከእጄ ወጥታ ወደ እናቷ ገንፎ ስትሄድ ሳይ ስንት ዓመቴ። እንደሷ መሞላቀቅ አማረኝ። ሥራ ቦታ ደወልኩና ወገቤን አመመኝ አልኩ፤ እናቴ ያስወራችው ውሸት ተመቸኝ ማለት ነው። አልጋው ውስጥ ገባሁ።

እናቴ እህቴንና እኔን ስትወልድ ሆዷን ያሰረችበትን ሰፊ ነጭ መቀነት ከሳጥን አወጣች። ሆድ ቦታውን ይይዛል ተብሎ አራስ ትታሰራለች፤ የእኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ ራሴ ጤና ጣቢያ ውስጥ አጥብቃችሁ አታስሩ እያልኩ የምቆጣበት ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠቅልላ ጠቅልላ ስታስረኝ የተረፈው ጫፍ ጉልበቴ ላይ ይደርስ ነበር። ገንፎ በቅቤ፣ የአጃ አጥሚት፣ ተልባ፣ የዶሮ መረቅ በየተራ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጫፉ ጭኔ ላይ ቀረ። በአምስተኛው ቀን ለቋጠሮ አልበቃም፤ እናቴ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ እየወፈርሽልኝ ነው ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከናይሮቢ አክስታ ነው የመለሰቻት ብላ በእህቴ ላይ ትንሽ አጉረመረመች።

አላየሁም ብዬ አላታልልም። ጫፉ ሲያጥር አይቻለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰውነቴ ከበደኝ፣ ቅቤው ነው አልኩ። ምግብ ጠላሁ፣ ጥጋብ ነው አልኩ። ጀርባዬን ደግፌ ካልተቀመጥኩ ትንፋሽ እምቢ ሲለኝ መቀነቱ ጠብቆ ነው አልኩ፤ ይህ እንኳ ግማሹ ልክ ነበር። ሌላ ሴት እንዲህ ሆና ብትመጣ ከበር ላይ አውቅላት ነበር። የገዛ ሆዴን ግን በእናቴ ዓይን ነበር የማየው፤ በእናቴ ዓይን ደግሞ የአራስ ሆድ መሙላቱ የሞያ ምስክር ነው። የሐኪሟ ወረቀት አልጋው ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እጮኛዬ ማር ይዞ ከጎበሳ መጣ። እናቴ የአራስ ጓዳ ወንድ አይገባበትም ብላ ሳሎን አስቀመጠችው፤ በመካከላችን መጋረጃ አለ። መንገዱን ጠየቀኝ፣ ስለ እህቴ ጠየቀኝ፣ እኔም መለስኩ።

«ንግግርሽ መሃል ላይ እየተቆረጠ ነው» አለ ከመጋረጃው ማዶ። «ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸናሽ?»

እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ኩሽና ሄደች። እኔ ላምህ አይደለሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን መልሱን ለራሴ ስቆጥር አንድ ጊዜ ብቻ ሆነብኝ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ እሱም ጥቁር ሻይ የመሰለ። ያን ሁሉ አጥሚትና ተልባ እየጠጣሁ። እናቴን ጠርቼ ቦርሳዬን አምጪልኝ አልኳትና ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩት፤ አንድም ሳይቀር ሁሉም እኔ ላይ ነበር። ለእናቴ በአማርኛ ነገርኳት። ሆድ ሲነፋ፣ ክብደት በቶሎ ሲጨምር፣ ሽንት ሲቀንስ፣ ትንፋሽ ሲያጥር። እሷ መቀነቱን አየችና መርፌ ቁልፉን ለመፍታት ተጣደፈች፤ ጣቷን ወጋው፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ አለ።

«እኔ ነኝ የጎዳሁሽ» አለች።

«አንቺ የምታውቂውን ነው ያደረግሽው» አልኳት። «ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ይህን ለማጽናናት አላልኩም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሕመሙን ያመጣው መድኃኒቱና የእኔ ገላ ነው። የእናቴ መቀነትና ገንፎ ሸሸጉት እንጂ አልወለዱትም። ሸሽጎ ያቆየው ግን ከሁሉም በላይ የእኔ አውቃለሁ ባይነት ነው።

እጮኛዬ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። የተቀበለን ሐኪም አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ ሲያዞር እኔም ስክሪኑን አየሁ፤ ለማንበብ የሚረዳኝ አላስፈለገኝም። ሆዴ ውስጥ ውኃ ተኝቷል፤ ኦቫሪዎቼ እያንዳንዳቸው ትልቅ ብርቱካን ያህላሉ። ወገብሽ በሳምንት ውስጥ ምን ያህል ጨመረ ብሎ ጠየቀኝ። ሜትር አልያዝኩም። እናቴ ግን በእጇ ይዛ የመጣችውን መቀነት ዘርግታ፣ በመጀመሪያው ቀን እስከዚህ፣ በሦስተኛው እስከዚህ፣ ዛሬ ደግሞ እስከዚህ ብላ በጣቷ እያሳየች ነገረችው። ሐኪሙ ከቦታ ቦታ በሜትር ለክቶ ጻፈ። ከእኔ ይልቅ እናቴ መዝግባለች ማለት ነው።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ከሆዴ ውኃ ቀዱልኝ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ደሜ እንዳይረጋ መርፌ ወጉኝ። በሁለተኛው ቀን ትንፋሼ ተመለሰ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ወጥቷል። ያላገባች አዋላጅ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ማህፀን ክፍል ተኝታ። የሥራ ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነው። አስወርዳ ነው መባሉን ከዓይናቸው አነበብኩ። ተበሳጨሁና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ለእህቴ እንቁላል ሰጥቼ ነው፣ አላወቅሁበትም፣ እንዲህ ሆንኩ አልኳቸው። ለአለቃዬም ደውዬ የዋሸሁትን ነገርኩት። አንዷ ባልደረባዬ ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ ያማል ወይ፣ እንዴት ነው የሚቀዳው እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። ይህን ከሳምንት በፊት ብናገረው ኖሮ ናይሮቢ እቆይ ነበር።

ለሐኪሙ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እወልዳለሁ ወይ አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሲስተር፣ እብጠቱ ይጠፋል። ኦቫሪሽ አልተጠማዘዘም፣ ቁስለት የለም። የዚያን ወር እንቁላል ነው የሰጠሽው፣ የነገውን አይደለም። እንቅፋት ይሆናል የምልበት ምክንያት አላየሁም። ማልልኝ ካልሽ ግን አልምልልሽም፤ የሚምልልሽ ሐኪም ካገኘሽም አትመኚው።» ናይሮቢ ግማሽ ጆሮ የሰጠሁትን ያንኑ ነው የነገረኝ። አሁን ሙሉውን ሰማሁት።

እጮኛዬ ያን ሳምንት ፈቃድ ወስዶ አሰላ ቀርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ አልጋዬ ዳር አስቀመጥኩት። «ያን ቀን አዎ ያልኩህ ሳላውቅ ነው» አልኩት። «አሁን ጠይቄያለሁ። ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ እርግጠኛ ሰው ግን የለም። ብትተወኝ አልፈርድብህም።» ተነስቶ ወጣ። አለቀ አልኩ በሆዴ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከሥራ ቦርሳው የከብት ክብደት የሚገምትበትን ረጅም ሜትር ይዞ ተመለሰ፤ ደረታቸው ላይ አዙሮ የሚለካበት ነው። ቀና በይ አለና ወገቤ ላይ አዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየለካ፣ ዛሬ ሁለት ጣት ቀንሰሻል ይለኝ ነበር። ላምህ አይደለሁም የምለውን ተውኩት። በዓመቱ ተጋባን።

እህቴ የመጀመሪያው ጽንስ አልያዘላትም። ሁለተኛው ያዘ። ሲገላበጥባት በደወለችልኝ ቁጥር ስልኩን ሆዷ ላይ ታስጠጋዋለች፤ ምንም አይሰማም፣ እኔ ግን ሰማሁ እላት ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። እናቴ አቦምሳ ወርዳ አረሰቻት፤ መቀነቱን ግን አልወሰደችም።

እኔ ደግሞ አገባሁና ወሩ በወር ላይ እየተተካ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ፊት ለፊት የሚናገረኝ አልነበረም፤ ያላትን ሰጥታ ነው የሚለው ሐሜት ግን ደረሰኝ። አልፎ አልፎ ራሴም ለራሴ እለው ነበር። በተለይ ለሴቶች ልጆቻቸውን በማሳቅፍበት ሰዓት፣ አሥራ ሁለተኛዋን አዋልጄ ወደ ባዶ ቤቴ ስገባ። ፈርቼ ነበር ማለት አይከብደኝም። በመጨረሻ ተነሳሁና ተመረመርኩ፤ ባሌም ተመረመረ። ኦቫሪዎቼ ደህና ናቸው፣ እንቁላሌ በዕድሜዬ ልክ አለ፣ ቱቦው ክፍት ነው፣ የእሱም ደህና ነው። የመረመረችን ሐኪም ውጤቱን አገላብጣ አገላብጣ የት ነው የምትኖሩት አለችን። እሱ ጎበሳ፣ እኔ አሰላ። በወር ስንት ቀን አብራችሁ ታድራላችሁ ስትለን ተያየን። ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ተረኛ ነኝ፣ ወይም እሱን የምትወልድ ላም አስቀርታዋለች። ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀምጣ ሳቀች። የእንስሳት ሐኪምና አዋላጅ ተጋብተው ይህን የሚነግራቸው ሰው መፈለጋቸው እኔንም አስቆኛል፤ ቤት ስደርስ ደግሞ አስለቅሶኛል። ጎበሳ ለመዛወር ጠየቅኩ፤ ከተዛወርኩ አራት ወሬ ነው።

ታዲያ የዘገየሁት ተራርቀን በመኖራችን ነው ወይስ በሰጠሁት እንቁላል? አላውቅም። ለምልክት የሚሆን ነገር አልተገኘም፤ ሐኪሞቹም ያኛው ነው አይሉም። አሁን ሴቶች ስለዚህ ነገር ሊጠይቁኝ ሲመጡ የምነግራቸው እንዲህ ነው። የሰጣችሁት የወሩን ነው፣ የዕድሜያችሁን አይደለም። ሆዳችሁን በመቀነት ሳይሆን በሜትር ያዙት። ሐኪሙ ሳምንት ቆዩ ካለ ሳምንት ቆዩ። ውሸት ተናግራችሁ አትሂዱ፤ ውሸቱ ሲያማችሁ አብሮ ያፍናችኋል። ከዚያ በኋላ እወልዳለሁ ወይ ለሚሉኝ፣ አይመስለኝም የሚከለክልሽ፣ ግን ማንም አይምልልሽ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሰምተው ይተዉታል፤ አንዳንዶቹ ይሰጣሉ። ሁለቱንም አልወቅስም።

ባለፈው መስከረም እህቴ ልጇን ይዛ አሰላ መጣች፤ እኔም ከጎበሳ ወጣሁ። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው። ግንባሯና ጆሮዋ የእኔ ነው፤ አካሄዷ ግን ቁርጥ እህቴን ነው፣ ኩንታል እንደምታስጭን ሰው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ምሳ በልተን በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ ያኔ በርበሬ የቀነጠስንበት ቦታ ነው። እናቴ ከውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች። እህቴ እጇን እያየች፣ ያልወለድሽው በእኔ የተነሳ ይሆን ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ለእሷ ከዚያ በፊት አላውቅም ብያት አላውቅም።

«ውሰጃት» አለችኝ።

አልገባኝም። ምኑን አልኳት።

«ልጅቷን። በጉዲፈቻ፣ እንደ አባታችን። ድሮም ያንቺ ናት። ሆዴ ውስጥ ስትገላበጥ አውቄያታለሁ፤ ለእኔ ይበቃኛል።» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ይህን ለመናገር ከአቦምሳ ጀምሮ ስትለማመድ መምጣቷ ያስታውቃል። የእናቴ የዕቃ ድምፅ ከውስጥ ቆሟል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከዚያ ለአንድ አፍታ፣ ልደብቀው አልፈልግም፣ ልጅቷ ጎበሳ ቤታችን በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ታየችኝ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ፤ በእህቴም በራሴም።

«እኔ የሰጠሁሽ እንቁላል ነው እትዬ» አልኳት። «ልጅ አልሰጠሁሽም። ልጅ ሰጥቼሽ ብሆን እንኳ የተሰጠ ልጅ መልሺ አይባልም።»

ይህን ስል ልጅቷ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ ላይ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። ለእሷ የምቀርበው እኔ ነበርኩ፤ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ማንም እንደሚያደርገው ቁጢጥ አልኩና እጄን ዘረጋሁላት። ተነሳች፣ ጉልበቷን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏ ለለቅሶ ተከፈተ። ከዚያ በክንዴ ሥር ሾልካ፣ እማዬ እያለች፣ በረንዳውን ሙሉ ሮጣ የእህቴ ጉያ ውስጥ ገባች።

እጄ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው። ግን ልክ ነበረች። ዞር ስል እህቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አገጯን አናቷ ላይ አሳርፋ፣ በእንባዋ ውስጥ ታየኛለች።

«አየሽ» አልኳት፤ ተነስቼ ለጉልበቷ ውኃና ፋሻ ላመጣ ወደ ውስጥ ገባሁ።